የተባረከው አሲድ

እኔ ኬሚስትሪ አልተማርሁም፤ ኬሚስትሪን ጠብቄያለሁ።

ቀልድ አይደለም። በልጅነቴ ዳዊት ደግሜ ዜማ ልጀምር ስል አባቴ ታመመና ወደ እርሻው ተመለስሁ፤ ትምህርቴ እዚያው ላይ ቀረ። ጉልበቴ ለእርሻ ሲደክም ደግሞ ከጎንደር ወጣ ብሎ፣ ደጋውን ይዞ ወደ ሰሜን በሚወጣው መንገድ ዳር ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዘበኛ ሆኜ ተቀጠርሁ። የግቢውን በር አስረከቡኝ፤ አጥሩን አስረከቡኝ፤ በመጨረሻ ከመማሪያ ክፍሎቹ ጫፍ ወዳለች አንዲት ክፍል ወሰዱኝ። በሯ ተቆልፏል። በቁልፉ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። በወረቀቱ ላይ ክብ ማኅተም ተመትቷል።

«አያ፣ ይችን አደራ» አለኝ የንብረት ክፍሉ ሰው። «ይህ ወረቀት ከተቀደደ እኔም እርስዎም መጠየቃችን ነው።»

«ምን አለበት?»

«ላቦራቶሪ ነው። የኬሚስትሪ እቃ።»

«ታዲያ ተማሪዎቹ መቼ መቼ ነው የሚገቡበት?»

እንደ ሕፃን አየኝ። «ኧረ ከገቡማ ይሰብሩታል!»

ነገሩ የገባኝ ቀስ እያለ ነው። እቃው በእርዳታ የመጣ ነው። ከመኪና ሲራገፍ አንድ ሰው ፈርሞ ተረከበ። በእኛ አገር ፈርሞ የተረከበ ሰው ደግሞ እንቅልፍ የለውም፤ አንዲት ብርጭቆ ብትሰበር በሱ አንገት ነው። ስለዚህ ምን ይሻለዋል? መቆለፍ። ያ ሰው ሲዛወር ለተተኪው በማኅተም አስረከበ፤ በሩን ከፍተው አላዩም፣ «ማኅተሙ ደኅና ነው?» «ደኅና ነው» ተባብለው ተለያዩ። ተተኪውም ለሌላው እንዲሁ። እኔና የፈረቃ ጓደኛዬም በተቀያየርን ቁጥር በሩ ፊት ቆመን ወረቀቷን አይተን «ደኅና ናት» እንባባላለን፤ እንደ አራስ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ይሉት ይህ ነው፤ የእኛ ላም የምትለየው ዘበኛ ስለተቀጠረላት ብቻ ነው።

ትምህርቱ ታዲያ የሚሰጠው ከዚያው አጠገብ ነበር፤ አንድ ግድግዳ ነው የሚለያቸው። መምህሩ በጠመኔ ጠርሙስ ይስላል። ከጠርሙሱ ሥር እሳት ይስላል፣ ከአፉ ጭስ ያወጣለታል። ተማሪው አንገቱን ደፍቶ ይገለብጣል። ደወል ሲደወል መምህሩ እሳቱንም ጭሱንም በዳስተር ጠርጎ ይወጣል። እንዲህ ያለ የማያቃጥል እሳት መቼም ከሠለስቱ ደቂቅ ወዲህ አልታየም። አንድ ሰሞን ደግሞ ትልቅ ቴሌቪዥን አምጥተው ሰቅለው ነበር። በውስጡ አንድ ሰው በእንግሊዝኛ እየተጣደፈ ያስተምራል፤ ልጆቹ ሳይገባቸው እጃቸውን ያወጣሉ፤ እሱ ግን ከየት ያያቸዋል? መብራት ሲጠፋ ነበር ክፍሉ ውስጥ እፎይታ የሚሰማው።

ይህን ሁሉ ዝም ብዬ አይቼ ጡረታዬን እጠብቅ ነበር። ዝም እንዳልል ያደረገችኝ የልጄ ልጅ ናት።

እናትና አባቷ ደምቢያ ውስጥ ኮላ ድባ የሚኖሩ ገበሬዎች ናቸው። ስምንተኛን ስትጨርስ ወደኔ ላኳት፤ እኔ በምጠብቀው ትምህርት ቤት ተምራ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደረሰች። መድኃኒት ቀማሚ መሆን ነው ምኞቷ። ማታ ማታ ከእራት በፊት ደብተሯን ዘርግታ፣ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘች ትወርደዋለች፦ «ሃይድሮጅን፣ ሂሊየም፣ ሊቲየም፣ ቤሪሊየም፣ ቦሮን…» ዓይኔን ስጨፍን ንባብ ቤት የተመለስሁ ይመስለኛል።

አንድ ቀን ጠየቅኋት፦ «ይህ ቦሮን የምትይው ምን ይመስላል?»

«እኔ እንጃ፣ አያ።»

«ጠጣር ነው ወይስ ፈሳሽ?»

«ቁጥሩ አምስት ነው።»

«ቁጥሩንማ ሰማሁ። መልኩን ነው የምልሽ።»

«መልኩ ለፈተና አይመጣም» ብላ ሳቀችብኝ።

እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ኋላ ግን ነገሩ ከነከነኝ። እኛም ዳዊትን ሳይገባን ነው በቃላችን የያዝን። ነገር ግን «ትርጓሜው ኋላ ይመጣል» ይሉን ነበር፤ ለሚጸና ሰው ይመጣልም፤ የትርጓሜ ቤት አለ፣ መምህሩ ተቀምጧል፣ በሩ ክፍት ነው። የነዚህ ልጆች ትርጓሜ ግን ጠርሙስ ውስጥ ታሽጓል። የበሩም ጠባቂ እኔ።

በዚያው ዓመት መምህሩ ተዛወረና አንዲት ወጣት መምህርት መጣችልን፤ እሷም የደምቢያ ልጅ። በመጣች በሳምንቷ ከታሸገው በር ፊት ቆማ አገኘኋት።

«አያ፣ ይህ በር ምነው ታሸገ?»

«እንዳይሰበር ነዋ፣ የኔታ።»

የኔታ ስላት ሳቀች፤ እስከ ዛሬ እንዲያ ነው የምጠራት። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፋ ነገረችኝ። የልጅ ልጄም ምሳዬን ይዛልኝ መጥታ ከጎናችን ቆማ ትሰማለች።

«ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የመጀመሪያ ቀን ላቦራቶሪ ወሰዱን። የእቃውን ሁሉ ስም አውቃለሁ። ሣይው ብባል ዓይኔን ጨፍኜ እሥለዋለሁ። በእጅሽ ያዥ ስባል ግን አያያዙ ጠፋኝና አሲዱን ጠረጴዛው ላይ ደፋሁት። አስተማሪው ‹ከየት ነው የመጣሽ?› አለኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። አብረውኝ ከገጠር የመጡት በዚያው ሳምንት ትምህርቱን ለቀው ሌላ ክፍል ገቡ። እኔ እልኸኛ ሆኜ ነው የቀረሁ።»

«አንቺስ እልኸኛ ነሽ፣ ቲቸር» አለች የልጅ ልጄ፣ ዓይኗን ከማኅተሙ ሳትነቅል። «እኔ የሳቁብኝ ቀን ወደ ኮላ ድባ ነው የምመለስ።»

ከዚያን ቀን ወዲህ የልጅቱ ጥያቄ አንድ ብቻ ሆነ። ለፈተና ከመሄዷ በፊት የላቦራቶሪውን ብርጭቆ በእጇ መያዝ። ሌላ ምንም አልፈለገችም። ማታ ማታ መወዛወዙን ትታ «አያ፣ ይከፍቱልን ይሆን?» ትለኛለች። እኔ ምን እላለሁ? ዘበኛ ነኝ።

መምህርቷ ወደ ርዕሰ መምህሩ ሄደች። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ክፉ ቢሆንማ በተሻለን፤ ክፉ ሰው አንዳንድ ቀን ይራራል። እሱ ፈሪ ነው። ቢሮው ከምጠብቀው በር አጠገብ ስለሆነ ንግግራቸው ይሰማኛል።

«ቢሰበር ማን ይጠየቃል?» ይላል እሱ።

«ሳይነኩት ቢቀሩስ ማን ይጠየቃል?» ትላለች እሷ።

«ለሱማ ማን ይጠይቃል! ፈተናው እንደሆነ በወረቀት ነው። ደግሞ እኔም የተረከብሁት በማኅተም ነው።»

«ውስጡ ያለውን ያውቁታል?»

«ማኅተሙን አውቀዋለሁ።»

እንግዲህ ይህን ሰው በምን ትከራከሩታላችሁ?

አንድ ጧት ግን ነገር ተገለበጠ። ከላይ እንግዶች ሊጎበኙን ይመጣሉ ተባለ። ታሽጎ የኖረው በር በአንድ ስልክ ተከፈተ! ስንገባ አቧራው እንደ ዱቄት ነው። ጠርሙሶቹ ከነገለባቸው፣ ከነካርቶናቸው ተቀምጠዋል። እዚያ ቤት ውስጥ ሥራ ሲሠሩ የኖሩ ሸረሪቶች ብቻ ናቸው።

የልጅ ልጄ ደስታዋን አልቻለችም። ከጓደኞቿ ጋር ብርጭቆውን አንድ ባንድ አጠቡ። ሲያጥቡም ርዕሰ መምህሩ ከራሳቸው ላይ ቆሞ «ቀስ! ቀስ!» ይላል፤ የሚያርድ የመጣበት ይመስል። ታጥቦ ሲያልቅ ትእዛዙን ነገራቸው። የተመረጡት ልጆች ነጭ ጋውን ለብሰው ከጠረጴዛው ጀርባ ይቆማሉ። ብርጭቆዎቹ ቀለም ባለው ውሃ ይሞላሉ። እንግዳ ሲጠይቅ እያንዳንዱ የተሰጠውን ቃል ይላል። የልጅ ልጄ ቃል «አሲድና ቤዝ እያዋሃድን ነው» የሚል ሆነ።

«እውነቱን እናሠራቸዋ» አለች መምህርቷ። «እኔ አለሁ አይደል፣ ቀላሉን መርጬ አሠራቸዋለሁ።»

«ቢፈነዳስ?»

«የሚፈነዳ አልመርጥም።»

«ቢሰበርስ? አንቺ ልጅ፣ እንግዶቹ ይዩ፣ ይሂዱ፤ ማታውኑ እናሽገዋለን፤ ሁላችንም በሰላም እናድራለን።»

ማታውኑ የሚለውን ስትሰማ የልጅ ልጄ ፊቷ ወደቀ። በዚያ ላይ ቀለሙን የማዘጋጀቱ ሥራ ለሷው ተሰጠ። እቤት ቀይ ሥር ቀቀለች፤ ለቢጫው እርድ በጠበጠች። ሥሩን ለእራት በላነው፤ ውሃው ሳይንስ ሊሆን በጀሪካን ተቀመጠ። 

ጋውኑ የመጣው ከጤና ጣቢያ በውሰት ነው። እጅጌው የአንዳንዱን ልጅ ጣት ውጦታል። አንዱ ጎረምሳ ደረቱ ላይ «አዋላጅ» የሚል ተጽፎበት ነበር፤ ጓደኞቹ «ስንት ሰዓት ላይ ነው የምታዋልደን?» እያሉ ሲያላግጡበት ረፈደ።

እንግዶቹ ደረሱ። ሸጋ ሸጋ ልብስ ለብሰዋል፤ ዋናው ሰውየ ስልኩን ከጆሮው ሳያወርድ ነው የገባ። አብረዋቸው የወላጆች ኮሚቴው ሰብሳቢ፣ የደብራችን ቄስ ገቡ። ቄሱ አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል፤ የልጅ ልጄ የንስሐ አባትም ናቸው። ርዕሰ መምህሩ ፕሮግራሙን በቡራኬ ይክፈቱልን ብሎ ነበር የጋበዛቸው፤ የት እንደሚባርኩ፣ ምን እንደሚባርኩ ግን የነገራቸው የለም።

እስቲ በቄሱ ዓይን እዩት። ረጅም ጠረጴዛ አለ። በጠረጴዛው ላይ ቀይና ቢጫ መጠጥ የሞላ ብርጭቆ በብርጭቆ ተደርድሯል። ከኋላው ነጭ የለበሱ ልጆች እንደ ዲያቆናት ቆመዋል። እንግዶች በክብር ገብተዋል። ሰማንያ ዝክር ያዩ አንድ ቄስ ይህን ምን ብለው ይረዱት? መስቀላቸውን አወጡ። አቡነ ዘበሰማያት አሉ። በእያንዳንዱ ብርጭቆ ላይ እያማተቡ ከጫፍ እስከ ጫፍ ባረኩ። ጨርሰውም ፈገግ አሉና፦

«በሉ እንግዲህ አድሉ። ከተባረከ አይደፋም፤ ሁሉም ይቅመስ» አሉ።

 ዋናው እንግዳ እንኳ ስልኩን አወረደ። ርዕሰ መምህሩ ላብ አጠመቀው፤ «አባታችን፣ ይኸማ አይጠጣም! አሲድ ነው! አንጀት ይበጥሳል!» አለ።

ቄሱ ወደ ኋላ ተንገዳገዱ። «መርዝ ነው?»

«አዎ አባታችን፤ ለትምህርት ነው።»

«ምነው! ምነው ልጆቼ! በሽምግልናዬ መርዝ ታስባርኩኛላችሁ?» ወደ ብርጭቆዎቹ ዞሩ። «አሁን ምን ይደረጋል? ብደፋው በረከት ደፋሁ፤ ብተወው ሰው ይገድላል…» መስቀላቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ወደ ጣሪያው ያዩ ጀመር። ከእንግዶቹ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነው። የሽማግሌው ጭንቀት ግን የሚያስቅ አልነበረም።

የልጅ ልጄ የዚያን ጊዜ ነው እጇን የዘረጋች። ከፊቷ ያለውን ቀዩን ብርጭቆ አነሣች። መምህርቷ «ተይ!» ሳትል ግማሹን ጠጣችው።

«አባ፣ አይጨነቁ። ቀይ ሥር ነው። እኔ ነኝ የቀቀልሁት» ብላ የቀረውን በሁለት እጇ አቀረበችላቸው።

ቄሱ ተቀብለው አሸተቱ። ቀመሱ። ጨለጡት። አፋቸውን ጠርገው፦

«እግዚአብሔር ይመስገን። ስኳር ነው እንጅ የጎደለው ሸጋ ነው» አሉ።

ሌሎቹ ልጆች መሳቅ ሲጀምሩ ዋናው እንግዳ ወደሷ ዞረ። «ታዲያ አሲዱ የታለ?»

«ከቁም ሳጥኑ ውስጥ ነው ጌታዬ። ከመጣ ጀምሮ ተከፍቶ አያውቅም። ይህ ቤትም የተከፈተ ለእናንተ ነው፤ ማታ ይታሸጋል። እኛ ነክተነው አናውቅም» አለች። ድምጿ እንደ ቅጠል ይርገበገባል፤ ቃሉ ግን አልተሰበረም።

እንግዲህ አሁን አንድ ነገር ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ። ይቆጣሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ቢያንስ ያፍሩ ይሆናል ብዬ። ዋናው እንግዳ ወደ ርዕሰ መምህሩ ዞረና ምን ቢል ጥሩ ነው? «ምሳው ደርሷል?»

ደርሶ ነበር። በሉ። ጠጡ፤ እውነተኛውን። «ጥሩ ጅምር ነው» ብለው መኪናቸው ውስጥ ገቡ። ለዚህች «ጥሩ ጅምር» ነበር ያ ሁሉ ቀይ ሥር የተቀቀለ።

መኪናው ከግቢ እንደወጣ ርዕሰ መምህሩ ልጅቱን አስጠራት። «ነገ ወላጅ ሳትይዥ እንዳትመጭ!»

በሩ ላይ ቆሜ ስለነበር «ወላጇ እኔ ነኝ፤ ይኸው አለሁ» አልሁት።

ወደ ንብረት ክፍሉ ሰው ዞረ። «ሂድ፣ ላቦራቶሪውን አሽግ። ለአያ አስረክብ።»

ሄድን። የንብረት ክፍሉ ሰው ቆለፈ፤ አዲስ ወረቀት ለጠፈ፤ ማኅተሙን እፍ ብሎ መታ። የልጅ ልጄ ከጓሮው ዛፍ ሥር ሆና ታየናለች። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

«አያ፣ ተረከቡ።»

«አልረከብም» አልሁ።

«ምን?»

«በማኅተም አልረከብም። እስከ ዛሬ በሩ ተከፍቶ አያውቅም ነበር። ዛሬ ተከፍቷል፤ ስንት ሰው ገብቷል፣ ቄስ ጠጥቷል። ነገ አንድ ጠርሙስ ጎደለ ብትሉኝ እኔ ሽማግሌው ምን እላለሁ? በቆጠራ አስረክቡኝ። ይህን ያህል እንዲህ ያለ፣ ይህን ያህል እንዲያ ያለ ብላችሁ፣ በየስሙ።»

ሰውየው አመድ መሰለ። እሱም ቢሆን ያለ ቆጠራ ነው የተረከበ። ርዕሰ መምህሩ መጣ፤ ተቆጣ፤ ሥራዎን ያጣሉ አለ። እኔ መቆጣት አልችልበትም፤ ቀስ ብዬ «ይሁን፤ ግን ከኔ በኋላ የሚመጣውም ዘበኛ ይጠይቃችኋል፤ ቆጥራችሁ ስጡኝ ይላችኋል» አልሁት። የሚፈራውን ቃል ነበር የሰጠሁት። መጠየቅን።

«እሺ ይቆጠራ!» አለ በመጨረሻ። «ቁጠር!»

የንብረት ክፍሉ ሰው በሩን ከፍቶ ገባ፤ አንድ ጠርሙስ አነሣ፤ ገለበጠው፤ የተጻፈበትን አየ፤ መልሶ አስቀመጠው። «ይህ ምንድን ነው?» አለ። ርዕሰ መምህሩም አላወቀውም፤ እሱ የታሪክ መምህር ነው። በግቢው ውስጥ ያንን አንብባ ይህ እንዲህ ነው የምትል አንዲት ሰው ብቻ ናት። አስጠሯት።

መምህርቷ ነገሩን ስትሰማ ወደኔ አየች፤ እኔ መሬት መሬት አየሁ። ከዚያ በጣም ትሕትና ባለው ድምፅ «እሺ እቆጥራለሁ። ግን ብቻዬን አይሆንልኝም፤ ደግሞም አንዳንዱ ተበላሽቶ እንደሆነ መሞከር አለበት። አሥራ ሁለተኛዎቹ ያግዙኝ» አለች።

ርዕሰ መምህሩ ግራ ቀኙን አየ። ከየትም መውጫ አጣ። «ቆጠራው ከፈተናው በፊት ይለቅ» አለ።

እንዲህ ሆኖ ነው በዚያ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ የተጀመረ። ስሙ ትምህርት አይደለም፤ ቆጠራ ነው። በማግስቱ ልጆቹ ተሰልፈው ገቡ፤ የልጅ ልጄ ከፊት ናት። መምህርቷ የመጀመሪያዋን ሕግ ተናገረች፦ «እዚህ ቤት ውስጥ ምንም ነገር አይጠጣም፤ ቢባረክም!» ልጆቹ የልጅ ልጄን እያዩ ፈነዱ፤ እሷም በጋውኗ እጅጌ አፏን ሸፍና ሳቀች።

እኔ በመስኮት ነበር የማይ። በእርድ የተነከረ ቢጫ ወረቀት አንድ ፈሳሽ ውስጥ ሲገባ እንደ ደም ቀላ። ለምን እንደቀላ አላውቅም፤ የሚማሩት እንዲያውቁት ነው የተቆለፈው የተከፈተ። የልጅ ልጄ ብርጭቆዋን በሁለት እጇ ይዛዋለች፤ ዛሬ ግን ለማንም አላቀረበችውም፤ ወደ ብርሃን አንሥታ ታየዋለች።

ከዚያ ብርጭቆው ከእጇ አዳለጣት።

ድምፁን ሰማሁት። ቀጭን ነው፤ ቂው አለና ሲሚንቶው ላይ ተበተነ።  ልጅቷ ባዶ እጇን እንደዘረጋች ቀረች፤ ዓይኗ ወዲያው ወደ መስኮቱ ዞረ፣ ወደኔ። የንብረት ክፍሉ ሰው ከቢሮው ሮጦ ሲወጣ አየሁት፤ ርዕሰ መምህሩም ከኋላው። ያን ሁሉ ዘመን የታሸገው፣ ማኅተም የተመታበት፣ በፈረቃ የተጠበቀው እንግዲህ ይህችን ድምፅ ላለመስማት ነበር። እኔም ሰማኋት። ይህችው ናት።

መምህርቷ ጎንበስ ብላ ስብርባሪውን አየች። «እግርሽን አልነካሽም?»

«አልነካኝም፣ ቲቸር።»

«አንድ ሰው መጥረጊያ ያምጣ» አለች። ከዚያ ወደ ልጅቱ፦ «አንቺ ደግሞ ሌላ ብርጭቆ አምጭ።»